ካርዱ የክሊኒኩ፣ ምስጢሩ የታካሚው

«እዚህ ደግሞ ምን ምስጢር አለ? ሁሉም ታሞ ነው የመጣው!»

ታሞ መምጣቱንማ በር ላይ የቆመው ጥበቃም ያያል፣ እህቴ። ምኑን እንደታመመ ማወቅ ግን የጥበቃው ሥራ አይደለም፤ የተሰለፈው ሰው ሥራም አይደለም።

የካርድ ክፍሉን መስኮት ቀረብ ብለን እንየው። ወረፋው ግድግዳውን ታኮ እስከ በሩ ደርሷል። ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጠችው ሠራተኛ አንገቷን ወደ ቀዳዳው ዘንበል አድርጋ «ስም? ዕድሜ? ስልክ? ምንሽን ነው የሚያምሽ?» ትላለች። ድምፅዋ መስታወቱን እንዲያልፍ ትጮኻለች፤ መልሱም ማለፍ አለበትና ታካሚዋም መጮኽ አለባት። ከኋላዋ የጎረቤቷ ልጅ ቆሟል፤ ከእሱ ኋላ የእድራቸው ጸሐፊ። ልጅቷ የመጣችው እናቷ እንኳ እንድትሰማው በማትፈልገው ጉዳይ ነው። ስለዚህ «ሆዴን» ትላለች። ሠራተኛዋ «ሆድ» ብላ ትጽፋለች። ሐኪሙ ስለ ምግቧና ስለ ጨጓራዋ ይጠይቃታል፤ የሰገራ ምርመራ ያዝላታል፤ ከፍላ፣ ተመርምራ፣ ሳትታከም ትወጣለች።

ኋላ ሕመሙ ጠንቶባት ስትመለስ «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይሏታል። ተረቱ እውነት ነው፤ ያሸሸጋት ግን መስኮቱ ነው። «ምንሽን ነው» የሚለውን ጥያቄ ከመስኮቱ አንስቶ በር ወዳለው የቅድመ ምርመራ (ትሪያጅ) ክፍል መውሰድ ስንት ብር ይፈጃል? ምንም። ወረፋውን ከመስኮቱ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ የሚያቆም የቀለም መስመርስ? ግማሽ ቆርቆሮ ቀለም።

«ሕጉ እኮ አዲስ ነው፤ ገና አልለመድነውም።»

የቱ ነው አዲሱ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መብት አድርጎ ደንግጓል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 በሙያው ያወቀውን የሰው ምስጢር ያወጣ ይቀጣል ሲል ሐኪሙን፣ የጥርስ ሐኪሙን፣ ፋርማሲስቱን፣ አዋላጇን፣ ነርሱን አንድ በአንድ ጠርቷል። ይህን ያህል ዘመን ያልለመድነው ሕግ ካለ ጥፋቱ የሕጉ አይደለም።

አዲሱ በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ነው። የወንጀል ሕጉ ምስጢሩን ያወጣውን ሰው ይጠይቃል፤ አዋጁ ደግሞ ምስጢሩን የያዘውን ተቋም «እስቲ አያያዝህን አሳየኝ» ይላል። የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች መድቦታል። ለምን እንደሰበሰባችሁ፣ ከሚያስፈልጋችሁ በላይ አለመሰብሰባችሁን፣ ለሌላ ዓላማ አለማዋላችሁን፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ አለማቆየታችሁን፣ ከሌባም ከአደጋም መጠበቃችሁን ማስረዳት የእናንተ ፈንታ ነው። ዳታው ከእጃችሁ ካመለጠ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማሳወቅ አለባችሁ።

ሰባ ሁለት ሰዓት ሦስት ቀን ነው። ዓርብ ማታ ላፕቶፑ ቢሰረቅ ሰኞ ማታ አለቀ። በላፕቶፑ ውስጥ የእነማን ካርድ እንደነበረ የሚያውቅ፣ ለማን እንደሚደወል የተነገረው አንድ ሰው ከሌላችሁ ቅዳሜና እሑድ «እንናገር ወይስ ዝም እንበል?» ስትባባሉ ያልፋል። ያን ሰው ዛሬ ሰይሙት፤ ስሙንና ስልኩን ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

«እኛ ትንሽ ክሊኒክ ነን። ይህ የትልልቆቹ ሆስፒታሎች ጣጣ ነው።»

የእናንተ ትንሽነትማ ነው የሚያሰጋው፣ ዶክተር! ትልቁ ሆስፒታል ታካሚውን በቁጥር ያውቀዋል፤ እናንተ ግን በቤት ቁጥሩ ታውቁታላችሁ። ነርሷ የሰፈሩ ልጅ ናት፤ የላብራቶሪው ባለሙያ ከታካሚው ወንድም ጋር እቁብ ይጥላል፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ከታካሚው እናት ጋር አንድ ማኅበር ትጠጣለች። «እገሊትን ዛሬ ክሊኒክ አየኋት» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ከቡና ስኒ ጋር ከዞረች በማግስቱ ሰፈሩ የምርመራ ውጤት ያወጣላታል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ስለዚህ ቃል መግባት ያለበት ነጭ ጋዋን የለበሰው ብቻ አይደለም። ጥበቃው፣ ጽዳቷ፣ ገንዘብ ተቀባይዋ፣ ለልምምድ የመጣው ተማሪ ሁሉም ይፈርሙ። ግን ፈርመው አይቅሩ፤ አንድ ጠዋት ሰብስባችሁ «በዚህ ግቢ ያየነው በዚህ ግቢ ይቀራል፤ ባል ለሚስቱ እንኳ አያወራውም» በሏቸው። ሠራተኛ ሲቀጠር በሚጻፈው ውል ላይ ይህ ዐረፍተ ነገር ከሌለ ጨምሩት።

«ኮምፒውተር የለንም፤ የምንሠራው በወረቀት ነው።»

ሐኪም የሰው ምስጢር መጠበቅ የጀመረው ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት ነው። ወረቀትም ያፈሳል። የላብራቶሪውን መስኮት እዩት፦ የተጠናቀቁት ውጤቶች ጠረጴዛው ላይ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው ተከምረዋል፤ «ውጤት የደረሰላችሁ ፈልጋችሁ ውሰዱ» ተብሏል። አንዱ የራሱን ለማግኘት የሃያ ሰው ይገልጣል። የማን እርግዝና፣ የማን ስኳር፣ የማን ጉበት እንደሆነ እያነበበ ነው የሚገልጠው። ወረቀቱን ሁለት አጥፋችሁ ስሙን ከላይ ብትጽፉ፣ ባለቤቱን ጠርታችሁ በእጁ ብትሰጡ ምን ትከስራላችሁ?

አሮጌው ካርድስ የት ይሄዳል? መጋዘኑ ሲሞላ በኪሎ ይሸጣል። ከዚያ ባለሱቁ ቆሎ ይጠቀልልበታል፤ ልጅ ቆሎውን በልቶ ሲጨርስ ወረቀቱን ያነባል። ለመርፌውና ለጓንቱ ማቃጠያ ያላችሁ ሰዎች ለካርዱ ማቃጠያ አጣን ማለት አትችሉም። ሊወገድ ጊዜው የደረሰውን መዝግባችሁ፣ ሁለት ሰው ቆሞ እያየ አቃጥሉት።

«ያን ራጅ የላክሁት ሐኪሞች ብቻ ባሉበት ግሩፕ ነው።»

ወንድሜ ዶክተር፣ ምክር መጠየቅህ ያስመሰግንሃል። በገጠር ጤና ጣቢያ ብቻውን የተቀመጠ ሐኪም ለአዲስ አበባው ስፔሻሊስት በቴሌግራም ፎቶ ልኮ ሕይወት ቢያድን ማንም አይከስሰውም። ግን ፎቶውን አሳድገህ እየው። በፊልሙ ጥግ የታካሚው ሙሉ ስም አለ፤ ዕድሜው አለ፤ የካርድ ቁጥሩ አለ፤ ቀኑ አለ። አጥንቱ መሰበሩን ለማየት ስሙ ምን ይጠቅማል? ግሩፑ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ታውቃለህ? ከአገር የወጣው፣ ሙያ የቀየረው፣ ስልኩን ለእህቱ ልጅ የሰጠው ሁሉ እዚያው አለ።

ስሙን ቁረጥ። ፊቱን ሸፍን። ንቅሳቱንና ጠባሳውን ተመልከት፤ ሰው በእነሱም ይታወቃል። ታካሚውን «ለባልደረባዬ ላሳየው ትፈቅዳለህ?» በለው። ምክሩን ካገኘህ በኋላ ከስልክህ አጥፋው፤ ያለዚያ የልደት ፎቶ ስታሳይ ለእንግዳ ይገለጥብሃል።

ዎርድ ውስጥ ቆሞ ለቲክቶክ የሚቀርጸው ግን ሌላ ነው። በስተጀርባው አልጋ ላይ የተኛችው ሴት የክሊኒኩ ማስታወቂያ አይደለችም። ግሉኮስ ክንዷ ላይ የተሰካባት ሴት «እሺ» ብትልም እሺታዋ በነፃነት የተሰጠ ነው አይባልም፤ መርፌውን የሚነቅልላት የሚቀርጻት ሰው ነውና።

«ቤተሰቡ ነው የጠየቀን። ቤተሰብን እንዴት እምቢ ይሏል?»

ይህ ከሁሉም የከበደው ነው፤ በቁጣ የሚመለስም አይደለም። በአገራችን አስታማሚ ማለት ወለል ላይ ነጠላ አንጥፎ የሚያድር፣ ምሳ ዕቃ ተሸክሞ የሚመላለስ፣ መድኃኒት ፍለጋ ከተማ የሚያካልል፣ ሒሳቡን የሚከፍል ሰው ነው። ያን ሰው «አያገባህም» ማለት ጭካኔ ይሆናል። ሐኪሙም ስለዚህ ትልቁን ልጅ ወደ ኮሪደር ይጠራዋል፤ ካንሰሩን ለልጁ ይነግረዋል፤ ለእናትየው ግን «ትንሽ ቁስል ናት፣ እማማ፤ ትድናለች» ይላቸዋል።

ደግነት ይመስላል። ግን እማማ ማወቅ ያለባቸው ነገር አለ። ያልተናዘዙት ቤት አለ፤ ያልታረቁት ወንድም አለ፤ የንስሐ አባታቸውን ማስጠራት ይፈልጉ ይሆናል። ወይም ሕክምናው ይበቃኛል፣ አገሬ ውሰዱኝ ይሉ ይሆናል። ይህን ሁሉ ሌላ ሰው ወሰነላቸው። ሞታቸውን ከእሳቸው በቀር ሁሉም ያውቀዋል።

መፍትሔው ቤተሰብን ማባረር አይደለም፤ ቀድሞ መጠየቅ ነው። ካርድ በሚወጣበት ቀን፣ ገና ምንም ውጤት ሳይኖር፣ ሁለት ጥያቄ ይጠየቅ፦ «ውጤትዎን ከእርስዎ ሌላ ለማን እንንገር? ለማንስ እንዳንነግር ይፈልጋሉ?» መልሱ ካርዱ ላይ ይጻፍ። እማማ «ለልጄ ንገሩት፤ እኔን አታስጨንቁኝ» ካሉ መብታቸው ነው። «ለማንም እንዳትናገሩ» ካሉም መብታቸው ነው። ልጅየው ሲቆጣ ሐኪሙ ካርዱን ያያል እንጂ አይጨቃጨቅም።

በስልክ «ባሏ ነኝ፤ ውጤቷ ደረሰ ወይ?» የሚለው ድምፅስ? ባሏ ለመሆኑ በምን ታውቃላችሁ? ቢሆንስ? የመጣችው እሱ የሰበራትን እጅ ልታሳይ ቢሆንስ? መልሱ አጭር ይሁን፦ «በስልክ ውጤት አንሰጥም፤ ራሷ ትምጣ።» ለሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ ማንም አይቀየምበትም።

«ልጄ ያስተረጉምልኛል፤ አስተርጓሚ ምን ያደርግልኛል?»

ይህንን የሚሉት ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያሉ እናቶቻችን ናቸው። እናቴ፣ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅዎ እንግሊዝኛው ጥሩ ነው። ግን ማሕፀንዎን፣ ያለፈውን ውርጃ፣ ሌሊት የሚያስለቅስዎን ነገር በእሱ አፍ ያወራሉ? አያወሩም፤ ይዘሉታል። ሐኪሙም ያልሰማውን አያክምም። በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ከድንገተኛ አደጋ በቀርም በሕፃን ልጅ እያስተረጎመ እንዲያክም ሕጉ አይፈቅድለትም። «አማርኛ» ይበሉ፤ ይጠብቁ፤ ልጁ ውጭ ይቀመጥ።

«ሠራተኛዬ ነው። ደመወዙን የምከፍለው እኔ ነኝ፤ በሽታውን ማወቅ አለብኝ።»

ጋሼ፣ የሚከፍሉት ለሥራው ነው፤ ለኩላሊቱ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድን በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር አድርሶታል፦ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ደመወዝ። ይህን ለማስላት የሚያስፈልግዎት ከመቼ እስከ መቼ እንደማይሠራ፣ ሲመለስም ከባድ ዕቃ ያንሳ አያንሳ ነው። የሥነ አእምሮ መድኃኒት መውሰዱ ለሒሳብ ሹሙ የሚጨምረው ቁጥር የለም። ለዕድገት ውድድሩ ግን የሚቀንሰው ነገር አለ፤ እሱንም ሠራተኛው ያውቃል። ለዚህ ነው ሰው ድብርቱን «ራስ ምታት» አስብሎ የሚያስጽፈው።

ሐኪሙም ቢሆን እጁን ይያዝ። የሕመም ፈቃድ ወረቀት በጸሐፊዋ በኩል አልፎ፣ በመዝገብ ቤት ተመዝግቦ፣ በሰው ኃይል ክፍል ፋይል ይገባል። ሦስት ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። «ለዐሥር ቀን ዕረፍት ያስፈልገዋል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ለሦስቱም ይበቃል። ማኅተሙ የሚያረጋግጠው ቀኑን ነው።

«የእኛን ካርድ ደግሞ ማን ይፈልገዋል?»

ፊንላንዶችም እንዲህ ሳያስቡ አልቀሩም። ቫስታሞ የሚባል የሥነ ልቦና ሕክምና ማዕከል ነበራቸው። ሰው ለነፍስ አባቱ ያልተናገረውን እዚያ ይናገር ነበር፤ ባለሙያውም ይጽፈው ነበር። መዝገቡ ያለ በቂ መከላከያ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ ተቀምጦ ሌባ ገባበት። እ.ኤ.አ. በ2020 ሌባው መጀመሪያ ማዕከሉን ገንዘብ ጠየቀ። እምቢ ሲባል ወደ ታካሚዎቹ ዞረ፤ «200 ዩሮ በቢትኮይን ክፈል፤ ያለዚያ ለሐኪምህ የነገርከውን ሁሉ አወጣዋለሁ» የሚል ኢሜይል ለየራሳቸው ላከላቸው። 33,000 ገደማ ታካሚዎች መዝገባቸው ተሰርቋል። በዓመቱ ማዕከሉ ከሰረ።

ካርዳችሁን የሚፈልገው ሰው ሩቅ አገር ላይሆን ይችላል። ፍቺ ላይ ያለ ባል ይፈልገዋል። የምርጫ ተፎካካሪ ይፈልገዋል። ያልተከፈለ ብድር የሚያሳድድ ይፈልገዋል። ስልክ ቁጥሩ፣ የፋይዳ መታወቂያ ቁጥሩና የበሽታው ስም አንድ ቦታ ከተቀመጡ ደግሞ የሰውየውን ቤት በሦስት አቅጣጫ ለሌባ ከፈታችሁለት ማለት ነው።

«የይለፍ ቃሉን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሥራ ይፈጥናል።»

ለሌባም ይፈጥንለታል! የክሊኒኩ ስም ከኋላው «123» ተጨምሮበት፣ በቢጫ ወረቀት ተጽፎ፣ ስክሪኑ ላይ ተለጥፏል። ውጤት ሲቀየር፣ ካርድ ሲጠፋ፣ የአንዲት ታዋቂ ሴት ፋይል ሌሊት ሲከፈት «ማነው?» ቢባል ኮምፒውተሩ አንድ ስም ብቻ ያውቃል፦ «አድሚን»። ሁሉም አድሚን ከሆነ ተጠያቂ የለም። ንጹሑም ሠራተኛ ራሱን የሚያጸዳበት ማስረጃ የለውም።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2024 ቼንጅ ሄልዝኬር የተባለውን የጤና ክፍያ አቀናባሪ የመቱት ሌቦች የገቡት በተሰረቀ የይለፍ ቃል ነው፤ የገቡበት በር ሁለተኛ ማረጋገጫ አይጠይቅም ነበር። የ190 ሚሊዮን ያህል ሰው መረጃ ተነካ፤ 22 ሚሊዮን ዶላር ቤዛ ተከፈለ፤ ፋርማሲዎችና ክሊኒኮች ለሳምንታት ክፍያ አጡ። ያን ሁለተኛ ማረጋገጫ ለመጫን የሚፈጀው ጊዜ ከአንድ ሻይ ሰዓት አይበልጥም። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ መግቢያ ይኑረው፤ ካርድ ክፍል የስምና የቀጠሮ፣ ላብራቶሪ የምርመራ፣ ገንዘብ ቤት የሒሳብ ብቻ ይታየው። የለቀቀ ሠራተኛ መግቢያው በለቀቀበት ቀን ይዘጋ።

«ሶፍትዌሩን የሚይዝልን ሌላ ድርጅት ነው፤ እሱን ጠይቁ።»

ታካሚው የመጣው ወደ እናንተ ነው፤ ያን ድርጅት አያውቀውም። ዳታውን ለምን እንደሚጠቀምበት የሚወስነውና በትእዛዝ የሚያቀናብርለት በአዋጁ የተለያዩ ናቸው፤ ወሳኙ እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ውሉን አውጡና አንብቡ። ዳታው የተቀመጠው የት ነው? ከድርጅቱ ማን ይገባበታል? ቢሰረቅ በስንት ሰዓት ይነግራችኋል? ውሉ ሲያልቅ መልሶ ያስረክባችኋል ወይስ ይዞት ይሄዳል? አንድ ፈተና ልስጣችሁ፦ ሻጩ ሶፍትዌሩን ሊያስተዋውቅ መጥቶ የሌላ ክሊኒክ እውነተኛ ታካሚዎችን እያሳየ ካስረዳችሁ፣ ነገ ለሌላው የሚያሳየው የእናንተን ነው። ቡናውን ጋብዛችሁ ሸኙት።

«ታካሚ ካርዱን ምን ያደርግለታል? ቢያየውም አይገባውም።»

ያልገባውን ሊያስረዳው ነው ሐኪም የተማረው። ደግሞስ እውነቱ ሌላ አይደለም ወይ? ካርዱን ይዞ ወደ ሌላ ክሊኒክ እንዳይሄድ ነው። ይህ ምስጢር መጠበቅ ሳይሆን ታካሚን ማሰር ነው። ከታካሚው ደብቆ ለአሠሪው የሚያሳይ ክሊኒክ ምስጢር ጠባቂ ነኝ ማለት አይችልም። ባለቤቱ የራሱን መረጃ የማየት፣ የተሳሳተውን የማስተካከል መብት በአዋጁ ተሰጥቶታል። በአሜሪካው ሂፓ በሚባለው ሕግ ሐኪም ቤቱ ቅጂውን ለመስጠት ያለው ጊዜ 30 ቀን ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ሰው ሪፈር ተብሎ ሲሄድ ትናንት የተነሳውን አልትራሳውንድ ዛሬ ድጋሚ ይነሳል፤ ሁለቴ ይከፍላል። ቅጂውን ስጡት። ድሀ ነው።

«ወረርሽኝ ሲመጣስ? ሕዝቡ ማወቅ የለበትም?»

አለበት፤ ሕጉም አልከለከለም። ኮሌራና ኩፍኝ ሲታዩ ለጤና ቢሮ ወዲያው ይነገራል፤ ፍርድ ቤት ሲያዝም ይሰጣል። ግን ለሚመለከተው አካል መንገር ሌላ፣ ለሰፈር መንገር ሌላ። በመጋቢት 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ሲገኝ ጤና ሚኒስቴር ዕድሜውንና ዜግነቱን ተናገረ እንጂ ስሙን አላወጣም። ሕዝቡ የሚጠነቀቀው ከቫይረሱ ነው፤ ስሙ የወጣበት ሰው ግን ከሕዝቡ መጠንቀቅ ይጀምራል። ከዚያ ቀጥሎ የሚያስለው ሰው አይመረመርም፤ በሽታውም ይዛመታል።

«እስከ ዛሬ ማን ከሰሰን?»

ማንም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ምስጢሩ የወጣበት ሰው ፍርድ ቤት ቢቆም ሁለተኛ ጊዜ ይወጣበታል። አይከስም፤ ይቀራል። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ወዲህ ስንቱ ሰው በደጁ ያለውን ጤና ጣቢያ አልፎ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ማንም ወደማያውቀው ከተማ እየሄደ መድኃኒቱን ይወስዳል! ጤና ጣቢያው ነፃ ነው፤ ትራንስፖርቱ ግን ነፃ አይደለም። ብር ያጣ ወር ቀጠሮው ያልፈዋል፤ መድኃኒቱ ይቋረጣል፤ ቫይረሱ ይነሳል። የገደለው የመድኃኒት እጦት አይደለም። «ለዚያ ክፍል የተሰለፈችው የማን ልጅ ናት?» ያለው አፍ ነው፤ በሩ ላይ የበሽታውን ስም በትልቁ የለጠፈው እጅም አለበት። ያን ታፔላ አንሱት፤ «ክፍል 7» በሉት።

ክስ ስላልመጣ ንጹሕ ነን አትበሉ። የቀረውን ታካሚ ቁጠሩት።

«እሺ፣ ከየት እንጀምር?»

ይህ ነው ጥያቄ! ብር ከማይፈጀው ጀምሩ። ዛሬ ጥያቄውን ከመስኮቱ አንሱ፤ ውጤቱን በየእጅ ስጡ፤ ቢጫውን ወረቀት ከስክሪኑ ላይ ቅደዱ፤ ሁለቱን ጥያቄ ካርዱ ላይ ጨምሩ። በዚህ ሳምንት ሠራተኛውን ሰብስባችሁ አስፈርሙ፤ የ72 ሰዓቱን ሰው ሰይሙ። በዚህ ወር የሶፍትዌሩን ውል አንብቡ፤ የአሮጌውን ካርድ መጋዘን ክፈቱና መዝግቡ። ታካሚዎችም ዝም አትበሉ፦ «ይህን ለምን ጠየቃችሁኝ? ማን ያየዋል?» በሉ። ጥያቄው ነውር የለውም፤ ጥሩ ሐኪም ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።

«ተቆጣጣሪ ሲመጣ እናስተካክላለን» የምትሉም አላችሁ። ተቆጣጣሪው መቼ እንደሚመጣ እንጃ፤ ታካሚው ግን ዛሬ ጠዋት መጥቶ ተሰልፏል።